የሪሞቱ ባለሥልጣን

በዚህ አገር ባለ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሁለት ኃላፊ አለ። አንደኛው ትልቁ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ነው። ሁለተኛው ማሽኑን የሚያውቀው ሰውዬ ነው። የፎቶ ኮፒውን ክዳን በጡጫ መትቶ የሚያስነሳው፣ የጄኔሬተሩን ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ ሕመሙን የሚናገረው፣ የትኛው ሶኬት ውሸታም እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ባለ ትልቁ ጠረጴዛ ሲቀየር ቢሮው ሦስት ቀን ይደነግጥና ይለምዳል። ማሽኑን የሚያውቀውን ሰውዬ ጉንፋን ሲይዘው ግን ሥራ ይቆማል።

የእኛው ክቡር ጋሽ ሙሜ ይባላሉ። ሐረር ውስጥ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለው መሥሪያ ቤታችን፣ የቪዲዮ ኮንፈረንስ አዳራሹ የበላይ ጠባቂ ናቸው። እኔ አዳራሹን አጸዳለሁ፣ ለተሰብሳቢው ሻይ አቀርባለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ በር ገብተን ወጥተናል። ስለዚህ የምናገረው ሰምቼ ሳይሆን ችዬ ነው።

መለያቸው ሪሞቱ ነው። ማሽኑ በ1998 ዓ.ም. ከካርቶኑ ሲወጣ ሪሞቱ የለበሰው ላስቲክ እስካሁን አልተገፈፈም። ላስቲኩ ሲያረጅ በላዩ ሌላ ላስቲክ ያለብሱታል፤ አሁን ወፍሮ የልብስ ሳሙና አክሏል። ቁልፎቹ ላይ የተጻፈውን ከውጭ ማንበብ አይቻልም። ይህ ለሌላው ሰው ችግር ነው፤ ለጋሽ ሙሜ ግን እንቅልፍ የሚሰጣቸው እሱ ነው።

ንግግራቸው አጭር ነው። አዳራሹ ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ፣ ገና የበሩን ደፍ ሳያልፉ፣ "ማን ነካው?" ይላሉ። ማንም እንዳልነካው ሲነገራቸው "ሳይነካማ አይታመምም" ይላሉ። ስክሪኑ በራሱ ጊዜ ሲመለስም ምስጋናውን ለሌላ አይለቁም። "እኔ ስገባ አውቆኝ ነው። ማሽን ሰው ያውቃል።"

ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት አልተማሩትም። ደርግ በወደቀ ማግስት ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። የዚያን ጊዜ ጎረምሳ የሕንድ ፊልም ያየው በእሳቸው ቴሌቪዥን ነው። የቪዲዮ ቤት ሕግ ደግሞ የታወቀ ነው። መስኮት በብርድ ልብስ ይሸፈናል፤ አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ ይቀመጣል፤ በመሀል የወጣ አይመለስም፤ የሚያወራ ይባረራል። ዲሽ በየጣሪያው ሲበዛ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። ሕጉ ግን ከጋሽ ሙሜ ጋር አብሮ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ።

በመጀመሪያው የቪዲዮ ስብሰባ ቀን መጋረጃውን ዘጉ፣ መብራቱን አጠፉ፣ ሹማምንቱን በቁመት አሰለፉ። ምክትል ኃላፊው አጭር ስለነበሩ ከፊት ተቀመጡ፤ ዋናው ኃላፊ መለሎ ስለነበሩ ግድግዳ ተደግፈው ከኋላ። ከአዲስ አበባ አንድ ድምፅ መጣ።

"ሐረር፣ ሐረር፣ መብራት የላችሁም እንዴ? የሚታየን ጨለማ ነው።"

ጋሽ ሙሜ ወደ ማይኩ ጠጋ ብለው በትሕትና መለሱ። "እኛ እናንተን ጥርት አድርገን ነው የምናያችሁ። አታስቡ።"

ስክሪን መልሶ ሰው እንደሚያይ መቀበል ስድስት ወር ፈጀባቸው። ከተቀበሉ በኋላ ደግሞ ከማንም በላይ አመኑ። ካሜራው ጠፍቶ እንኳ ፊት ለፊቱ አያዛጉም። እኔንም ስጠርግ "ገላነሽ፣ ጀርባሽን አትስጪው" ይሉኛል። እኔም ከክርክር ይሻለኛል ብዬ በጎን እየሄድኩ እጠርጋለሁ። ወገቤ የሚያመኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ፋይል ስክሪኑ ላይ የማውጣቱ ነገር ነው። አንድ ባለሙያ ላፕቶፑን ከማሽኑ ጋር አገናኝቶ የሦስት ወር ሪፖርት አሳያለሁ ሲል የእህቱን ሰርግ አሳየ። በየክልሉ የተሰበሰበው ሰው ሙሽራዋ ስትጨፍር አየ፤ ጅጅጋ ላይ ያጨበጨበም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ሙሜ ሳያዩት የሚያልፍ ፋይል የለም። ሪፖርት ያለው ሁሉ በዋዜማው ፍላሹን ይዞ ይቀርባል። እሳቸው መነጽራቸውን ይሰኩና ገጽ በገጽ ያያሉ። ስለ ይዘቱ አንድ ቃል አይናገሩም። የሚመረምሩት ፊደሉን ነው።

"ይሄ ፊደል አይደርስም።"

"የት ነው የማይደርሰው ጋሽ ሙሜ?"

"አዲስ አበባ ነዋ። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። እዚህ ይህን ያህል የሆነ ፊደል እዚያ ሲደርስ ምን ሊተርፈው ነው? አሳድገው።"

ባለሙያው ሳቁን አፍኖ ያሳድገዋል፤ ገመዱ ያለው በእሳቸው እጅ ነውና። የሚያበሳጨው ነገር ከየክልሉ ሪፖርት ሁሉ ከሩቅ የሚነበበው የሐረር ብቻ መሆኑ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ሌሎቹን "እንደ ሐረር አድርጋችሁ አቅርቡ" ብሏቸዋል። ጋሽ ሙሜ ይህን ሲሰሙ አልተኩራሩም። ርቀቱን ያሰላ ሰው ምን ይደንቀዋል።

ማሽኑ ደግሞ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ብዙ ከተማ ባንድ ጊዜ ሲሰበሰብ፣ ድምፅ የመጣበትን ቦታ ፈልጎ እሱን በትልቁ ለሁሉም ያሳያል። አዲስ አበባ ሲናገር አዲስ አበባን፣ ሰመራ ሲያስነጥስ ሰመራን። ተናጋሪ ያልሆነ ሰው ማይኩን መዝጋት አለበት። የእኛ ማይክ የሚዘጋው በሪሞቱ ነው፤ ሪሞቱ ግን ከላስቲኩ ብዛት አንዳንድ ቀን እሺ አይልም። ላስቲኩን መቅደድ የማይታሰብ ስለሆነ ጋሽ ሙሜ ማይኩን ከመዝጋት ሰዉን መዝጋት መረጡ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በወንበሮቹ መሀል ሲዞሩ ፈተና የሚጠብቁ መምህር ይመስላሉ።

ሊዘጉ ያልቻሉት የገጠሩን ወረዳ የሶፊን ሰው፣ ሐጂ አደምን ብቻ ነው። ሐጂ የአገር ሽማግሌ ናቸው፤ የገጠሩን ሰው ወክለው በየስብሰባው ይመጣሉ። በአገራቸው ልማድ ሰው ሲናገር ዝም ተብሎ አይሰማም። በየመሀሉ "ልክ ነው"፣ "አላህ ያክብርህ"፣ "እህ፣ ከዚያስ" ይባላል። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰው ከአዲስ አበባ ስለ አምስት ዓመት ዕቅድ ሲያስረዱ የሐጂ "ከዚያስ" ስክሪኑን ነጠቃቸው። በየክልሉ አዳራሽ የሚታየው ሂና የተቀባው የሐጂ ጢም ሆነ።

ስብሰባው ሲያልቅ ጋሽ ሙሜ ቀርበው "ሐጂ፣ ራስዎን ብቻ ይነቅንቁ። ድምፅ አያውጡ" አሏቸው።

"አንተ ሙሜ፣ ሰው ሲናገር ዝም የሚባለው የተጣሉት እንደሆነ ነው። እኔ ከሰውዬው ጋር ምን አለኝ?"

"ማሽኑ አይወድም።"

"ማሽኑን ማን አሳደገው?"

ጋሽ ሙሜ ገመድ መጠቅለል ያዙ። መልስ ሲያጡ የሚጠቀልሉት ገመድ ሁልጊዜ አይጠፋም።

እንዲህ እየተባባሉ በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ደረስን። አንድ ፕሮጀክት በገጠር የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ትምህርት ቤቶች ሊሠራ ተነሣ። አሥራ አራት ወረዳ አመለከተ፤ የሚሠራው ለአራቱ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ወረዳ በቪዲዮ ስብሰባ አሥር ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ማስረጃውን ስክሪን ላይ ያወጣል። ደብዳቤው ላይ "በስክሪን ያልቀረበ ማስረጃ አይያዝም" የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረ፤ ከሥሩም ተሰምሮበታል።

ከእኛ ያመለከተው ሶፊ ነው። ሶፊ ላይ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያልቃል። ከዚያ ወንዱ ከተማ ዘመድ ዘንድ ይጠጋል፤ ሴቷ እቤት ትቀራለች። የሐጂ አደም የልጅ ልጅ ዋፊቃ ያን ዓመት ስምንተኛን ጨርሳለች። ሐጂ ለትምህርት ቤቱ ቦታ ይሁን ብለው የጫት ማሳቸውን ግማሽ ሰጡ፤ የሶፊን ገበሬ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማስረጃውን ያሰናዳችው መምህርት ለይላ ናት። ስምንተኛን ጨርሰው የቆሙ ስልሳ ሦስት ልጃገረዶችን ቤት ለቤት ዞራ ፎቶ አነሣች፤ ስማቸውንና የቆሙበትን ዓመት ከሥሩ ጻፈች። በዋዜማው ፍላሿን ይዛ ጋሽ ሙሜ ፊት ቀረበች። ሁለት ጊዜ ፊደል አሳደገች። በሦስተኛው "ጋሽ ሙሜ፣ ከዚህ ካደገ ለፊታቸው ቦታ አይቀርም" አለቻቸው።

አንድ በአንድ ፎቶዎቹን አዩና "እሺ፣ ይቅር" አሉ። እሳቸው ለፊደል ይቅር ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ትናንት በደንብ ሲሠራ የነበረው የቢሮው ላፕቶፕ አልነሳም አለ። "ማን ነካው?" አሉ ጋሽ ሙሜ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ለይላ ከቦርሳዋ የትምህርት ቤቷን አዲስ ላፕቶፕ አወጣች። አዲሱ ላፕቶፕ ስስ ነው፤ ጎኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ቀጭን ነው። የእኛ ገመድ ደግሞ የድሮው፣ ራሱ ሰማያዊ፣ ባለ ብዙ ጥርሱ ነው። ሁለቱ ሊገናኙ አልቻሉም። ተራችን ደርሶ ለይላ መናገር ስትጀምር እንኳ ጋሽ ሙሜ ገመዱን እያገላበጡ ያዩት ነበር።

ለይላ ጥሩ ተናገረች። ስክሪኑ ላይ ግን ከፊቷ በቀር የወጣ ነገር የለም።

"ሐረር፣ ንግግሩ ደርሶናል" አሉ ሰብሳቢው ከአዲስ አበባ። "ማስረጃው ግን አይታይም። ደብዳቤውን አንብባችሁታል። አንድ ደቂቃ እጠብቃለሁ።"

ጋሽ ሙሜ ከአንገታቸው ቁልፍ አውጥተው ቁምሳጥኑን ከፈቱ። ከሥር፣ ከነካርቶኑ የተቀመጠ ማገናኛ ነበረ፤ አንድ ጫፉ ቀጭን፣ አንድ ጫፉ ለባለ ጥርሱ ገመድ የሚሆን። ሰው እንዳይነካው ብለው ሦስት ዓመት ሳይከፍቱት አስቀምጠውታል። ላስቲኩን በጥርሳቸው ቀደዱት። ላስቲክ ሲቀድዱ አይቼ ስለማላውቅ ሻይ ማደሉን ትቼ አየኋቸው።

ገና ጠረጴዛው ሥር ተንበርክከው ሲያያይዙት ሰብሳቢው "እንግዲህ ወደ ቀጣዩ እንለፍ። አሶሳ" አሉ። የአሶሳው ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ስክሪኑም ወደ እሱ ሄደ። ለይላ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አንሥታ "አለቀ" አለች። ሐጂ አደም የሰጡትን መሬት እንደሚያዩ ሁሉ ወለሉን ያያሉ።

የጋሽ ሙሜ ራስ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አለ።

"ሐጂ።"

"እህ።"

"ዱዓ ያድርጉ።"

"አሁን?"

"አሁን። ድምፅ አውጥተው። ደግሞ ረዘም ያድርጉት።"

ሐጂ ቁልቁል አይተዋቸው ነገሩ ገባቸው። "ዱዓ ለማሽን አላደርግም ሙሜ።"

"ልጆቹ እዚህ ውስጥ ናቸው ሐጂ" አሉ ጋሽ ሙሜ፣ ላፕቶፑን በጣታቸው ነካ አድርገው። "መውጫ ነው ያጡት።"

ሐጂ ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። አብረዋቸው የመጡት አምስቱ ሽማግሌዎችም ዘረጉ።

"ያ ረብ፣ ልጆቻችንን ዕውቀት አልብስልን።"

"አሚን" አለ አዳራሹ፤ ስክሪኑ ከአሶሳ ወደ ሐረር ዘለለ።

"ደርሰው የቆሙትን አንቀሳቅስልን።"

"አሚን።"

የአሶሳው ሰው "እንግዲህ በወረዳችን" ብሎ ጀመረ። ሐጂ "የአሶሳንም ልጆች ባርክልን" አሉ። ከዚያ አሚን የመጣው ከራሱ ከአሶሳ ነበር። ቀጥሎ ከጅጅጋ፣ ቀጥሎ ከሰመራ። ስክሪኑ ማንን እንደሚያወጣ ጠፍቶት ከከተማ ከተማ ይዘላል፤ በየደረሰበት የተዘረጋ መዳፍ ነው የሚያገኘው። ሰብሳቢው "ሐረር፣ እባካችሁ ማይክ" ብለው ነበር፤ ግራና ቀኛቸውን ሲያዩ የተቀመጡት ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ተዉት። በዱዓ መሀል ማይክ የሚዘጋ ሰው በየትኛውም ከተማ አልተገኘም። እኔም ትሪዬን እንደያዝኩ በራሴ አሜን አልኩ።

ሐጂ ዝናብ ለመኑ፣ መንገድ ለመኑ፣ ለከብቱ ለመኑ፣ ለሰብሳቢው ረጅም ዕድሜ ለመኑ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ጠረጴዛው ሥር ያያሉ፤ ጋሽ ሙሜ በእጃቸው ገና ነው ይላሉ፤ ሐጂ ይቀጥላሉ። በመጨረሻ "የተጣመመውን ገመድ አቅናልን" አሉ። ከሁሉ የጎላው አሚን ከጠረጴዛው ሥር መጣ።

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ጥቁር ሆነ። ከዚያ ልጃገረዶቹ ወጡ፤ በረድፍ በረድፍ፣ ከነሻሻቸው፣ ስማቸው ከሥራቸው። ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" ብለው መዳፋቸውን በፊታቸው ላይ አሳለፉ። ማሽኑ ፋይል ከወጣለት በኋላ ድምፅ አይከተልም። እኔ የማነበው ቀስ ብዬ ስለሆነ ገጹ እስኪቀየር ሦስት ስም ብቻ አነበብኩ። ሰብሳቢው ግን ከወንበራቸው ወደ ስክሪኑ ሳይጠጉ ከላይ ጀምረው ድምፃቸውን አውጥተው ያነቡ ጀመር፤ ዋፊቃ አራተኛዋ ነበረች።

"ፊደሉ ደርሷል" አሉ ጋሽ ሙሜ፣ አሁንም ከጠረጴዛው ሥር።

ሐምሌ ላይ ዝርዝሩ ወጣ፤ ሶፊ ሁለተኛ ሆኖ አለፈ። አሶሳም ከአራቱ ገብቷል፤ ይህን የጠየቅሁት ለሕሊናዬ ነው። ግንባታው እስኪያልቅ ዘጠነኛ ክፍል መስከረም ላይ በቆርቆሮ ዳስ ተከፈተ። ዋፊቃ ገባች። ጋሽ ሙሜ ስለዚህ ነገር የተናገሩት ለይላ የክፍሉን ፎቶ በስልኳ ስታሳያቸው ነው። "ፀሐይን ፊት ለፊት አድርገሽ ነው ያነሣሽው፤ ፊታቸው ጠቁሯል" አሏት። ስልኩን ግን ቶሎ አልመለሱላትም።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎን ነበር። ኅዳር ላይ፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች መጡ። የስብሰባ ሥርዓት ተጥሷል የሚል አቤቱታ ቀርቦ ያንን ለማጣራት ነው። ጋሽ ሙሜ ጁምዓ ሄደዋል። ሰዎቹ እኛን አዳራሹ ውስጥ ሰብስበው "ሽማግሌውን ዱዓ ያድርጉ ብሎ ያዘዛቸው ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። ኃላፊው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ባለሙያዎቹ ስልካቸውን አዩ። እኔ ሻይ እቀዳ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንቺ ምንድን ነሽ?"

"ሻይ አቅራቢ።"

"በምን ምክንያት አልሻቸው?"

"ሐጂ ሻይ ከጠጡ በኋላ ዱዓ ማድረግ ልማዳቸው ነው። የቀዳሁላቸው እኔ ነኝ።"

ሰዎቹ ተያይተው ጻፉት። ሻይ አቅራቢን ከምን ላይ ያወርዷታል። ጋሽ ሙሜ ግን ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት ቀርቷቸዋል፤ ከዚያ አዳራሽ ቢያነሷቸው ወደ ንብረት ክፍል ነው የሚመልሷቸው፤ እዚያ ደግሞ ያለው የተሰበረ ወንበር ብቻ ነው። ያልኩት ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሙሜ ሰምተው መጡ። የምስጋና ነገር ይሆናል ብዬ እጄን አደረቅሁ።

"ገላነሽ፣ አንቺ ነሽ እኔ ነኝ ያልሽው?"

"አዎ ጋሽ ሙሜ።"

"በዚህ ማሽን ላይ ከእኔ ሌላ እጁን ያስገባ ሰው የለም። አሁን በመንግሥት ወረቀት ላይ አንቺ አስገባሽ ተብሎ ተጻፈ።"

ሰኞ ጠዋት ወረቀት አውጥተው፣ ፊደሉን የቡና ፍሬ አሳክለው፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት እንዲህ ብለው ጻፉ። "የቪዲዮ ማሽኑን በሚመለከት ግንቦት ላይ የተፈጸመው ጥፋት ሁሉ የእኔ የሙሜ ብቻ መሆኑ እንዲታወቅልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።" አራት ገጽ ወሰደባቸው።

መልሱ ጥር ላይ መጣ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ከአዳራሹ አላነሷቸውም። ኃላፊው አንገታቸውን ደፍተው ሰጧቸው፤ እኛም ሰው ሊያጽናና እንደሚቆም ሰው ቆምን። ጋሽ ሙሜ መነጽራቸውን ሰክተው አነበቡት። አንዱ መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙና ጮክ ብለው ደገሙት። "የቪዲዮ ኮንፈረንስ ሲስተሙን በኃላፊነት የሚያንቀሳቅሱት አቶ ሙሜ።" የሥራ መደባቸው እስከዚያ ቀን ድረስ የንብረት ክፍል ረዳት ነበር፤ ከሪሞቱ ጋር የሚያገናኛቸው አንድ ወረቀት አልነበራቸውም።

ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቀው ወጡ። ማስጠንቀቂያውን ፎቶ ቤት ወስደው ላስቲክ አስለብሰው ተመለሱና ማሽኑ ጎን፣ ከካሜራው በታች፣ ለገባ ሁሉ በሚታይ ቦታ ለጠፉት። አሁንም እዚያው አለ። ከመንገዱ በኩል አቧራ ይገባል። ጠዋት ጠዋት የምወለውለው እኔ ነኝ፤ በደረቅ ጨርቅ፣ ማኅተሙ ላይ ሳልጫን።